የወፍጮ ቤት ጆሮ

ሰው መግደል የጀመርኩት በሠላሳ አራት ዓመቴ ነው። ጅዳ፣ ካራንቲና ሰፈር፣ ወንድሜ ከአምስት ጓደኞቹ ጋር በሚኖርበት ክፍል ውስጥ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ። የመጀመሪያውን ሰው ስጥል ስልኩ ከእጄ አምልጦ ወደቀ። ልጆቹ ተንጫጩ። "እትዬ ገደለች! እትዬ ደም አየች!" እያሉ ትራስ ወረወሩብኝ። እኔ "አስተግፊሩላህ" ብዬ ፊቴን ሸፈንኩ። ሰውዬው የስልክ ሰው ነው፤ ሲሞት ልብሱንና ጥይቱን መሬት ላይ ትቶ እንደ ጭስ ይጠፋል። ቢሆንም ሲወድቅ እጁን ወደ እኔ ዘርግቶ ነበር።

አትሳቁብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ በስልክ የማውቀው መደወልና ቁርኣን ማዳመጥ ነበር። የገደልኩት እህቴን ለማናገር ብዬ ነው።

ታናሽ እህታችን በሃያ ሁለት ዓመቷ በኮንትራት መጥታ መካ ሰው ቤት ገባች። በሁለተኛው ወር ማዳሟ ስልኳን ወሰደችባት። ሰባት ሳምንት ድምፅዋን አልሰማንም። ያስገባት ደላላ ስልኩን አያነሳም፤ የቤቱን አድራሻ አናውቅም፤ እጃችን ላይ የቀረችው "መካ" የምትል አንዲት ቃል ነበረች። መካ ደግሞ ከጅዳ በመኪና አንድ ሰዓት ናት። አንድ ሰዓት ርቀት ላይ ያለ ሰው ሲጠፋ ባሕር ማዶ ካለው ይብሳል። በየቀኑ "ልሂድ?" ትላላችሁ፤ የት እንደምትሄዱ አታውቁም።

አንድ ቀን ወንድሜ፣ ኑዝላ ሰፈር ከሁለት ሴቶች ጋር ወደተከራየሁት ክፍል እየሮጠ መጣ።

"እታለም፣ ተገኘች!"

"የት?"

"ጌም ውስጥ።"

ጥፊ ላቀምሰው እጄን አነሳሁ። እሱ ግን ስልኩን ከፍቶ አሳየኝ። አገር ቤት እያለች በዚያ የተኩስ ጌም ነበር ከሱ ጋር የምትገናኘው፤ በጌሙ ውስጥ ለራሱ ያወጣውን ስም በቃሏ ታውቀዋለች። የማዳሟ ልጅ፣ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ እህትም ወንድምም የላትም፤ በአራት ሰው ቡድን የሚጫወቱትን ይህን ጌም ትወዳለች፤ የሚጫወትላት ስታጣ አሮጌ ታብሌቷን ለሠራተኛዋ ሰጠቻት። ማዳሟም ልጇ እሷን እንዳትነዘንዛት ብላ ፈቀደች። ከአስር ሶላት በኋላ አንድ ሰዓት። እህቴ ታብሌቱን እንዳገኘች መጀመሪያ ያደረገችው የወንድሜን ስም መፈለግ ነበር።

"ታዲያ አንተ አታናግራትም?" አልኩት።

ራሱን አከከ። "አናግሬያት ነበር። 'እታለምን አምጣልኝ፣ አንተ ስትተኩስ አትሰማኝም' አለችኝ።"

እውነቷን ነው። ወንድሜ ያደገው ከተማ አጎታችን ዘንድ ነው። እኔና እህቴ ግን የወፍጮ ቤት ልጆች ነን። አባታችን ወሎ ውስጥ በአንዲት የገጠር ከተማ የናፍጣ ወፍጮ አለው፤ የተኛንበት ግድግዳና የወፍጮው ግድግዳ አንድ ነው። የወፍጮ ቤት ልጅን ጫጫታ አይቀሰቅሰውም፤ የሚቀሰቅሰው ጸጥታ ነው። ቺንጋው ተበጥሶ ወፍጮው ቀጥ ሲል ሁላችንም ብንን እንል ነበር። ፊደልም የለየሁት እዚያ ነው፤ ሰዎች ማዳበሪያቸው ላይ በከሰል ከሚጽፉት ስማቸው። ትምህርት ቤት የገባሁት የታናሽ እህቴን ምሳ ይዤ ብቻ ነው።

ወፍጮ ቤት ውስጥ ነገር የሚነገርበት ሥርዓት አለው። መጮህ ዋጋ የለውም፤ የቱንም ያህል ብትጮሁ ወፍጮው ይበልጣችኋል። ድምፅን ቀጠን አድርጎ፣ አጭር ቃል መርጦ፣ ያንኑ ቃል ሦስት ጊዜ ማለት ነው። አባቴ "አንደኛው ጆሮን ይቀሰቅሳል፣ ሁለተኛው ይነግራል፣ ሦስተኛው ያስምላል" ይላል። የሰማ ሰው መልሶ ይለዋል። አፉን ከዱቄት በነጠላ የሸፈነ፣ ወይም መመለስ ያልቻለ፣ እህል የሚፈስበትን ቆርቆሮ ሦስቴ ይመታል። ኳ፣ ኳ፣ ኳ። ሰምቻለሁ ማለት ነው። ኳኳታው ካልመጣ አልተሰማችሁም፤ የልጆቻችሁ ጤፍ ከሰው በርበሬ ቀጥሎ ይፈጫል፣ ያን ሳምንት ቤቱ ሁሉ እያነጠሰ ይበላል።

እንግዲህ የማዳሟ ልጅ ሽንፈት አትወድም። የወንድሜን አንድ ጓደኛ ሦስት ጊዜ ስላሸነፏቸው ከቡድኗ አባራዋለች። በሱ ቦታ የምገባው እኔ ነኝ። እህቴን ለማናገር መግደል መቻል ነበረብኝ። ካላወቅሁበት እባረራለሁ፤ ከተባረርኩ እህቴ ተመልሳ ትጠፋለች።

ካራንቲና አሠለጠነችኝ። ጠዋት ጠዋት በግዳዲያ በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት አጽድቼ፣ ወደ ወንድሜ ክፍል እሄዳለሁ። ግቢው ውስጥ ብዙ ጊዜ ድብድብ አለ፤ ሰካራም ከሰካራም፣ የቀን ሥራ ያጣ ካገኘው ጋር። አንድ ቀን ስገባ ደረጃው ላይ ደም ነበር፣ የማን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም። ውስጥ ደግሞ በስልክ ይጋደላሉ።

"እትዬ፣ ጠመንጃ ነው፣ መጥረጊያ አይደለም! አትጥረጊበት!"

"ኧረ ግድግዳውን ተይው፣ ግድግዳው ምን አደረገሽ?"

"አሁን የገደልሽው የኛን ሰው ነው። ደግ አደረግሽ፣ እኔም አልወደውም ነበር።"

በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ ገባኝ። ሰው ሲሸሽ ከፊቱ ቀድሜ መተኮስ፣ የወደቀን ሰው ሳይነሳ መጨረስ፣ በር ላይ ቦንብ ጥሎ መጠበቅ። እጄ እንዲህ ያለ ነገር ይማራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ለመደው።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ከአስር በኋላ ኤርፎን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ገባሁ። አራት ነን፤ ልጅቷ፣ እህቴ፣ ወንድሜ፣ እኔ። ከአውሮፕላን ዘለልን። ወዲያው ጆሮዬ ተሞላ፤ ጥይት፣ የመኪና ሞተር፣ የቦንብ ፍንዳታ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚሳደቡ ሰዎች፣ ከአንዱ ቤት ማይክ የሚገባ ቴሌቪዥን፣ ከሌላው የሚያለቅስ ሕፃን። ከዚያ ሁሉ በታች ያቺ ቀጭን ድምፅ መጣች።

"እታለም። እታለም። እታለም።"

"አለሁ፣ አለሁ፣ አለሁ" አልኳት።

ልጅቷ በዐረብኛ ጮኸች። "ያላ! ይህችን ከየት አመጣችኋት? ቆማ የምታወራው ምንድን ነው? በዐረብኛ አውሩ!"

ዘዴው ያኔ ነው የገባን። ጸጥ ባለ ቦታ ልጅቷ ትሰማናለች፤ ትቆጣለች፤ ለእናቷም ልትነግር ትችላለች። ተኩሱ ሲበረታ ግን ጆሮዋ ሁሉ ጥይት ላይ ነው። ሌላው ሰው ለመነጋገር ጫጫታን ይሸሻል፤ እኛ የልባችንን ለመነጋገር እሳቱ መሃል መግባት ነበረብን።

"ተኩስ ወዳለበት ውሰደን" እለዋለሁ ወንድሜን።

"ሰው ከተኩስ ይሸሻል፣ እናንተ ለወሬ ትሄዳላችሁ" ይላል፤ ይወስደናል።

እዚያ፣ ግንብ ሥር ተንበርክከን፣ እኔ እየተኮስኩ እሷ ትነግረኛለች። የምትበላው የተረፈውን ነው። የምትተኛው መተኮሻ ክፍል ነው፤ የልብስ መተኮሻው ማለቴ ነው። በሩ ከውጭ ይቆለፋል። እኔ የሰማሁትን መልሼ እላለሁ፣ እሷ "አዎ" ትላለች። በሳምንት ውስጥ ልጅቷም ወደደችኝ፤ "ይህቺ ሴት ልብ የላትም፣ ትጨርሳለች!" አለች ለወንድሜ። ከማንም እንዲህ ተመስግኜ አላውቅም።

ቀጥሎ የማወራችሁን ለማንም ተርኬው አላውቅም፤ ጥፋቱ የኔ ነው።

ጆሮዬ ይታመም ጀመር። አንዱ የወንድሜ ጓደኛ አዘነልኝና ስልኬን ተቀብሎ ሴቲንግ ውስጥ አንድ ነገር ነካ። "ይኸው፣ ከጀርባ ያለውን ጫጫታ ይበላልሻል። አጠገብ ያለ የሰው ንግግር ብቻ ነው የሚያስቀረው" አለኝ። በማግስቱ ስገባ የእህቴ ድምፅ ጎኔ የተቀመጠች ያህል ጠርቶ መጣ። የቤታቸው ማራገቢያ የለ፣ ቴሌቪዥን የለ። "ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ፣ ደህና ነኝ" አለችኝ። አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያንን የነካካልኝን ልጅ መረቅኩት።

የሚያናድደኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። በየጨዋታው አንድ ጊዜ፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ፣ እህቴ ሜዳ መሃል ቀጥ ትላለች። እጇን አንጠልጥላ፣ ደረቷ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ሰው ሁሉ እያያት ትቆማለች። ማይኳ ጭር ይላል። እኔ እላይዋ ላይ ቆሜ ወደሷ የሚመጣውን ሁሉ እገድላለሁ። አንድ ቀን እሷን ስጠብቅ ስድስት ሰው ጣልኩ። ስትመለስ ተቆጣኋት።

"ሜዳ ላይ እየቆምሽ እኛን ታስፈጂናለሽ!"

"ማዳም ጠርታኝ ነው እታለም። ይቅር በይኝ።"

ይቅርታ ጠየቀችኝ፤ እሺ አልኳት።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የኔ ጆሮ ዘጠኝ ቀን ባዳ ሆነብኝ። በአሥረኛው ቀን በግዳዲያ የአንዱን ቤት ኮሪደር ሳጥብ ስልኬ ባልዲ ውስጥ ወደቀ። ከሰዓት የሰው ስልክ ተውሼ ገባሁ፤ የተዋስኩት ስልክ ጫጫታ የሚበላ ነገር የለውም። ያ ሁሉ ጩኸት ተመለሰብኝ። ጨዋታው አጋማሽ ላይ እህቴ እንደ ልማዷ ቆመች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

ያኔ ሰማሁ።

የጌም ጥይት ልኩ አንድ ነው፤ እንደ ቺንጋ ነው፤ አይደክምም። ከሥሩ የሰማሁት ግን ልክ አልነበረውም። አንዱ ይጠነክራል፣ ቀጣዩ ይዘገያል፣ በመሃል ሰው ይተነፍሳል። የሚደክም እጅ ነው። ከእያንዳንዱ በፊት አየር የሚሰነጥቅ ነገር ፉጨት አለው፣ ከፉጨቱ በኋላ ሥጋ። ከሩቅ፣ በዐረብኛ፣ የሴት ድምፅ፦ "ስጠራሽ አትሰሚም? አትሰሚም? አትሰሚም?"

ሦስት ጊዜ።

የእህቴ ድምፅ የለም። አፏን ይዛዋለች፤ ማይኩ ክፍት እንደሆነ ታውቃለቻ።

"ምንድን ነው?" አልኩ በዐረብኛ። ልጅቷን ነው የጠየቅሁት።

"ጠብቂያት" አለች ልጅቷ። ድምፅዋ የተለመደው የአዛዥ ድምፅ አልነበረም። "አሁን ትመለሳለች። ሁልጊዜ ትመለሳለች።"

"በምንድን ነው የምትመታት?"

"በባባ ዒቃል።" ዒቃል ወንዶቹ ከራስ ሻሻቸው በላይ የሚያደርጉት ጥቁር ድፍን ገመድ ነው። ወዲያው ደግሞ "ከኋላሽ! ከኋላሽ ሰው አለ፣ ተኩሺ!" ብላ ጮኸች።

ዞርኩና ተኮስኩ። ሰውዬው ወደቀ። ከወደቀ በኋላም፣ ጭስ ሆኖ ከጠፋ በኋላም፣ ጥይቱ እስኪያልቅ መሬቱ ላይ ስተኩስ ነበር።

እህቴ ተመለሰች። ትንፋሿ ይቆራረጣል።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ደህና ነኝ።" አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለችው። ከዚያ በቀጭኑ፦ "ኤርፎኑን ካደረግሁ ስትጠራኝ አልሰማትም እታለም። ለሱ ነው።"

"አውልቂዋ!"

"ካወለቅሁት አንቺን አልሰማሽም።"

ቀኑን ሙሉ ስትናፍቅ የምትውለው የኔን ድምፅ ነበር። እኔን የሰማችበትን ያህል ትመታለች። ያ ዘጠኝ ቀን፣ ጠርቶ የገባልኝ "ደህና ነኝ" ሁሉ ዋጋው ይህ ነበር፤ እኔ ደግሞ እላይዋ ቆሜ የስልክ ሰው እገድላለሁ።

ወንድሜ ከጎኔ ተቀምጦ ይጫወት ነበር፤ እንደ ልማዱ ምንም አልሰማም። ስነግረው ስልኩን አስቀመጠ። ተነስቶ ገበያ ጆንያ የሚከፍትበትን ቢላዋ ከፍራሹ ሥር አወጣና ወገቡ ውስጥ ሻጠው።

"የት ልትሄድ?"

"መካ።"

"ቤቱን ሳታውቅ? የኢቃማ ወረቀት ሳይኖርህ? ገና ፍተሻው ላይ አይደል የሚይዙህ?"

"እስኪይዙኝ ያገኘሁትን እወጋለሁ።"

በሩ ላይ ቆምኩበት። ገፈተረኝ፤ ጭንቅላቴ ከግድግዳው ጋር ተላተመ። ያኔ እኔም አበድኩ። ምድጃው አጠገብ የነበረውን የብረት ድስት አንስቼ ክርኑን መታሁት። አልበቃኝም፤ ደገምኩት። ቢላዋው ወደቀ፣ እሱም ጮኸ፣ እኔ ግን ማቆም አቃተኝ፤ ልጆቹ ከኋላ ያዙኝ፣ ሁለቱ ደግሞ ደረቱ ላይ ተቀመጡበት። ከሥራቸው ሆኖ ያለቅሳል።

"እሷን መምታት ያቃተሽን እኔን ትመቻለሽ?" አለኝ።

ድስቱ አሁንም እጄ ላይ ነበር።

ክርኑን በጨርቅ አሰርኩለት። "አንተ ሌላ ሥራ አለህ" አልኩት። "ልጅቷን የምታጫውታት አንተ ነህ። እኔ ስሄድ ጨዋታው እንዳይቋረጥ።"

በማግስቱ ከአስር በኋላ ወደ ትልቁ ተኩስ ይዞን ገባ። አንድ ግንብ ሥር ሆነን እህቴ ከመስኮቷ የሚታያትን ትነግረኝ ጀመር። ሰፈሩን አታውቅም፤ ከገባች ወዲህ ከበር አልወጣችም። የሐረሙ መስጊድ ትልቅ ሰዓት ከተራራው ጀርባ ግማሹ ይታያል። ከታች ተሚስ የሚጋግር ዳቦ ቤት አለ፣ በአስር ሶላት ሰዓት ሰዎች ይሰለፉበታል። ማዶ መስጊድ አለ፤ ሁለት ሚናራ አለው፣ አንደኛው አናቱ አላለቀም። ግማሽ ሰዓት፣ ዳቦ ቤት፣ ያላለቀ ሚናራ። ሦስት ሦስቴ። መልሼ አልኩት።

ከዚያ ያላሰብኩትን አመጣች።

"አንሶላ ቋጥሬያለሁ። ነገ በመስኮት። ሦስተኛ ፎቅ።"

እንዲህ ያሉ ልጆችን አይቻለሁ፤ አንሶላው አይበቃም፣ ወይም ቋጠሮው ይፈታል። ኑዝላ አብራኝ የምትኖረው አንዷ ሁለት እግሯን ብረት ይዞት ነው የምትሄደው፤ እሷ ደግሞ ዕድለኛዋ ናት።

"አትውረጂ። ነገ እመጣለሁ። በበር። አትውረጂ፣ ነገ እመጣለሁ፣ በበር። አትውረጂ። ነገ እመጣለሁ። በበር።"

መልስ የለም።

እህቴ ቆማለች። እጇን አንጠልጥላ። ማይኳ ውስጥ የእግር ኮቴ ሰማሁ፣ ቀጥሎ በጣም ቅርብ የሰው ትንፋሽ። ማዳሟ መጥታ ጎኗ ቆማለች ማለት ነው። ልትመልስልኝ አትችልም። ሰምታኝ ይሆን? ከሦስቱ አንዱን? "አትውረጂ" የሚለውን ካልሰማች ነገ አስፋልት ላይ ናት። ከየአቅጣጫው ይተኮሳል፤ ወንድሜ ይጮኻል፤ ልጅቷ ትጮኻለች፤ እኔ ያቺን የቆመች ሴት አያለሁ።

ቀስ ብላ ጠመንጃዋን ወደ ሰማይ አነሳች።

ጧ።

ጧ።

ጧ።

"ምን እያደረገች ነው?" ልጅቷ አበደች። "ያለንበትን አሳወቀችብን!"

እውነቷን ነበር። ከሦስት ወገን መጡብንና በአንድ ደቂቃ ውስጥ አራታችንንም ገደሉን። ሞቼ ፍራሹ ላይ ተንጋለልኩ፤ ወንድሜ "ምን ያስቅሻል?" አለኝ። አባቴ ቆርቆሮውን ሲመታ ነበር የሰማሁት።

በማግስቱ ከዙህር ሶላት በኋላ ባብ መካ ከሚባለው ሰፈር የመካ መኪና ያዝኩ። ሐበሻ ሹፌር ነበር፤ እኔ ኢቃማ ስላለኝ ፍተሻውን አለፍን። ያላለቀ ሚናራ ስለው ሳቀ፤ "እትዬ፣ መካ ግማሹ ገና እየተሠራ ነው" አለኝ። ቢሆንም ከአንዱ ኮረብታ ወደ ሌላው አዞረኝ፤ የሐረሙ ሰዓት ግማሹ የሚታይበትን ቦታ ስንፈልግ ሁለት ሰዓት ፈጀን። መጨረሻ ላይ የሰዎች ሰልፍ አየሁ፤ ትኩስ ተሚስ በጋዜጣ ጠቅልለው ይወጣሉ። ቀና ስል አናቱ የሌለው ሚናራ።

ሹፌሩ በአቅራቢያው ወዳለ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደኝ። ሽበት የጀመረው አንድ ሹርጣ በወጥ ቤት ዐረብኛዬ የተናገርኩትን ሰማኝ።

"የከፊሏ፣ የአሠሪዋ ስም?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ እንደምትመታ በምን አወቅሽ?"

"በጌም።"

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። የጌሙን ስም ነገርኩት። ለረጅም ጊዜ አየኝ። "ልጄ ይጫወተዋል" አለ። "እራት ጠርተነው አይሰማም።" ከዚያ ቆቡን አደረገ። "አንኳኩቼ እጠይቃለሁ። ከዚያ በላይ ቃል አልገባልሽም።"

ዳቦ ቤቱ ያለበት ሕንጻ አምስት ፎቅ ነው። ሦስተኛው ፎቅ ላይ አራት በር አለ፤ አራቱም አንድ ዓይነት ቡናማ ብረት። ሹርጣው "የትኛው?" ሲለኝ ከሂጃቤ ሥር ኤርፎኔን ነካሁት። ባልዲ ውስጥ የወደቀው ስልኬ ደርቆ መሥራት ጀምሯል፣ ያቺን ጫጫታ የምትበላ ነገርም በእጄ አጥፍቻታለሁ። ጨዋታው ተጀምሯል፤ ወንድሜ፣ ልጅቷ፣ እህቴ እየተዋጉ ነው። እኔ ጌሙ ውስጥ አንድ ቤት ገብቼ ቆሜያለሁ።

የመጀመሪያውን በር ደወል ተጫንኩ። በአንዱ ጆሮዬ ተኩስ ብቻ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አለ ሹርጣው።

"እየሰማሁ።"

ሁለተኛውን ተጫንኩ። ተኩስ፣ መኪና፣ የወንድሜ ስድብ።

ሦስተኛውን ስጫን ደወሉ ሁለት ጊዜ ጮኸ፤ አንዴ ከብረቱ በር ጀርባ፣ አንዴ ጆሮዬ ውስጥ፣ ከጥይቱ ሥር፣ በእህቴ ማይክ።

"ይኸኛው" አልኩት።

ማዳሟ በሩን ገርበብ አደረገች። ፖሊስ ስታይ ሻሿን ሳበች። "ባለቤቴ የለም፣ ሠራተኛዋ ሌባ ናት፣ ራሴም ልደውልላችሁ ነበር" አለች፣ ሳይጠይቃት። ሹርጣው ድምፁን ሳያነሳ "ትውጣና ልያት" አላት። እህቴ ከኮሪደሩ መጣች። ኤርፎኑ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ግማሽ ፊቷ አብጧል፤ እጅጌዋ እስከ ጣቷ ወርዷል። ስታየኝ አልሮጠችም፤ እንደ እንግዳ ሰው ቀስ ብላ መጣች። ማዳሟን ስታልፍ ሴትዮዋ ከኋላ ጸጉሯን ያዘች፣ ጎተተችም። ሹርጣው ጮኸ። እኔ አልጮህኩም። የሴትዮዋን የእጅ አንጓ ይዤ ጠመዘዝኩ፣ እስክትለቅ፣ ከለቀቀችም በኋላ ትንሽ ጨምሬ። ስትጮህ ደስ አለኝ። ስጽፈው አፍራለሁ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር። ሹርጣው "ኻላስ!" ብሎ ለያየን።

ታብሌት የያዘች፣ ቀጫጫ፣ የቤት ልብስ የለበሰች ልጅ ከኮሪደሩ ጫፍ ታየችኝ።

"እኔ ነኝ" አልኳት በዐረብኛ።

ድምፄን አወቀች። ዓይኗ ፈጠጠ። "አሮጊት ነሽ እኮ!" አለች። እህቴን አየች፣ እናቷን አየች። እናቷ መሬት ላይ ተቀምጣ እጇን ታሻለች። "ማን ሊጫወት ነው ታዲያ?"

ጆሮዬ ውስጥ ወንድሜ ነበር፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ወፍጮ ቤት ልጅ፦ "በር ላይ ናት። በር ላይ ናት። በር ላይ ናት።" ቀጥሎ፦ "ኧረ የት ሄዳችሁ? ብቻዬን ቀረሁ፣ ሊገድሉኝ ነው!"

ሆስፒታል ሁለት የጎን አጥንቷ እንደተሰነጠቀና የግራ ጆሮዋ ታምቡር እንደተቀደደ ነገሩን። በጥፊ ነው። ወረቀቱ፣ ቃል መስጠቱ፣ መጠለያው ብዙ ወር ፈጀ። ከዚያ እህቴ አገር ቤት ገባች። አሁን ከአባቴ ጋር ወፍጮ ቤት ትሠራለች፤ ደንበኞች በቀኝ ጆሮዋ በኩል ዞረው ነው የሚያናግሯት።

በገባች በሦስተኛው ወር ስልክ ገዛች። ጌሙን ጫነች። የልጅቷን የጌም ስም አልረሳችውም ነበር፤ ፈልጋ የቡድን ጥያቄ ላከችላት። ልጅቷ በዚያው ቅጽበት ተቀበለቻት።

"እንዴት አስቻለሽ?" አልኳት በስልክ።

"ብቻዋን ናት" አለችኝ።

ሐሙስ ሐሙስ ከአስር በኋላ ሁለቱ አንድ ጨዋታ ይጫወታሉ። እህቴ ኤርፎኑን በደህናው ጆሮዋ ታደርጋለች። ሲያልቅ ስልኩን ዘግታ ወደ ወፍጮው ትመለሳለች።